በየአራት ደቂቃው አንድ ጥያቄ

በዚህ ነገር ውስጥ አምስት ሰዎች አለን። ስም አልጽፍም፤ ከአንዱ በቀር ሁላችንም ሐዋሳ ውስጥ በየቀኑ የምንተያይ ሰዎች ነን፤ በስም ብጽፋቸው ነገ ሰላምታ የሚነፍገኝ አይጠፋም።

የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጥሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የዶሮ መኖ መጋዘን ኃላፊ የነበርሁ፣ ኮምፒውተርን ማንም ሳያስተምረኝ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍና ከስልክ ቪዲዮ የለቀምሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የድርጅታችን የመረጃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። እስካለፈው ዓመት ድረስ በክፍሉ ከእኔ በቀር ሰው ስላልነበረ የምመራው ራሴን ብቻ ነበር፤ እሱም ቀላል ሥራ አይደለም።

ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ በእኔው ክፍል ለሙከራ የገባች። ሦስተኛዋ እናቷ ናት። አራተኛዋ የድርጅቱ ባለቤት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን፤ ታቦር፣ ምሥራቅና ባህል አዳራሽ በሚባሉት ሰፈሮች ሦስት የመኖ መሸጫ ሱቆች አሏቸው። አምስተኛው የእትዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዱባይ ይኖራል። እሱ እዚህ ውስጥ የገባው በባንክ ካርዱ ብቻ ነው፤ የምንከራየው ነገር የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ ካርዱን አውሶን ነበር። ካርድ ማዋስ ፊርማ ከማዋስ አይለይም፤ ይህን ያኔ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዝናብ ነው። የሦስቱ ሱቆች ሽያጭ የሚጠራቀመው ከጠረጴዛዬ ሥር በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያው አፈሰሰና ኮምፒውተሩ ሞተ።

እትዬ መጥተው የሞተውን ኮምፒውተር በእግራቸው ገፋ አደረጉና፣ "ጋሼ፣ ወንድሜ እኮ ሰው ሁሉ መረጃውን ክላውድ ላይ እያስቀመጠ ነው ይለኛል" አሉኝ።

ክላውድ ማለት ሌላ አገር ባሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ቦታ መከራየት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ግማሽ ዕድሜዬን በኪራይ ቤት ስለኖርሁ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከልጄ ጋር ያልተስማማነው በኪራዩ ዓይነት ላይ ነው።

የእኔ ሐሳብ የዳታ መጋዘን የሚባለው ነበር። አንድ ማሽን በወር ኪራይ ይያዛል፤ መረጃው የሚቀመጥበት መደርደሪያም የሚያሰላው ሠራተኛም አብረው እዚያው ናቸው። የሚገባው መረጃ ሁሉ በር ላይ ይጣራል፣ ስሙ ይስተካከላል፣ ቦታው ይነገረዋል። ብንጠቀምበትም ባንጠቀምበትም ዋጋው አንድ ነው፤ በወር ሁለት መቶ አሥር ዶላር። ጉድለቱ መደርደሪያው ሲሞላ ሌላ ሙሉ ማሽን መከራየት ማስፈለጉ ነው፤ ጆንያ ስለበዛ ብቻ ሁለተኛ የመጋዘን ኃላፊ እንደመቅጠር። ይህን ጉድለት አልደበቅሁም፤ ለእትዬ በሰጠሁት ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ፊደሉ ትንሽ አነስ ያለ ነበር።

የልጄ ሐሳብ መደርደሪያውንና ሠራተኛውን መለየት ነበር። ማከማቻው በጣም ርካሽ ነው፤ የተገኘው ሁሉ እንዳለ ይጣልበታል፤ በሙያው ሐይቅ ይሉታል። ከላዩ ምን የት እንዳለ የሚይዝ መዝገብ ይቀመጥለታል። የሚያሰላው ማሽን ግን የሚነቃው ጥያቄ ሲመጣ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ የሚጠይቀው ካጣ ይተኛል። ሲተኛ አይከፈለውም፤ ሲነቃ በሰዓት አንድ ዶላር።

"ሐይቅ ውስጥ የተጣለ ነገር መቼ ነው ተመልሶ የወጣው?" አልኋት።

"በየጠዋቱ፣ ኃላፊ። ዓሣ ገበያ ሄደው ይዩ።"

ቢሮ ውስጥ "አባዬ" እንዳትለኝ፣ "አንተ" እንዳትለኝም ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ትእዛዜን አክብራለች። ግን "ኃላፊ" የምትለው ሰው ለታክሲ ረዳት "ወራጅ አለ" በሚልበት ድምፅ ነው።

"ዓሣ ሌላ፣ መረጃ ሌላ" አልኋት።

"አስጋሪው መጀመሪያ ያወጣል፤ ቆሮሶውን ከአምባዛው የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። በእርስዎ ሕግ ቢሆን እኮ ዓሣው ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ፎርም ይሞላ ነበር።"

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙን ኖሯል። ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑና ፈረዱ። "ሁለታችሁም ለአንድ ወር ሞክሩት። ወሩ ሲሞላ ጎን ለጎን ታሳዩኛላችሁ። የእሷም የሙከራ ጊዜ ያኔ ያበቃል። ሥራዋ ከሆነልኝ እቀጥራታለሁ፤ ካልሆነ ጋሼ፣ እርስዎን ብዬ አላቆያትም።"

"እኔን ብለው እንዳያቆዩብኝ" አልሁ። ያልሁት ከልቤ ነው። ልጄ ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየት ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ቤት እንደገባሁ እናቷ ጠበቀችኝ። ልጄ ካልተቀጠረች አዲስ አበባ ሄዳ ሥራ ልትፈልግ ነው፤ ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ለመጋራት ተነጋግራለች። እናቷ ደግሞ ልጇ ከሐዋሳ እንድትወጣ አትፈልግም። እውነት ለመናገር እኔም አልፈልግም፤ ግን ይህን አፍ አውጥቶ መናገር የእኔ ሥራ አልመሰለኝም።

"አንድ ቃል ብትናገርላት ምን ይጎድልብሃል?" አለችኝ።

"ፍርድ አላጣምምም።"

"ፍርድ ቤት ነህ እንዴ? የዶሮ መኖ ነው እኮ የምትሸጡት።"

"ሰው በትንሹ ካልታመነ በትልቁ አይታመንም።"

"እሱን ንግግር ለልጆቹ ስትነግራቸው ነው ያደጉት። አሁን እራት ብላ።"

ከማግስቱ ጀምሮ ሁለታችንም በየፊናችን ሠራን። እኔ የሦስቱን ሱቆች ሽያጭ አጥርቼ አስገባሁ። ሦስቱ ሱቆች የአንዱን መኖ ስም በሦስት ዓይነት ይጽፉታል፤ አንዱ "የጣይ መኖ"፣ አንዱ "እንቁላል ጣይ"፣ አንዱ "ሌየር" ይላል። እኔ በር ላይ ሁሉንም አንድ ስም አልብሼ አስገባኋቸው። ይህ ለእኔ የሕሊና ጉዳይ ነው።

ልጄ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ትጥል ጀመር። ሽያጩን፣ የአይሱዙ ሾፌሮቹን የነዳጅ ደረሰኝ፣ በመጨረሻም ገበሬዎች በቴሌግራም የሚልኩልንን ቅሬታ። አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆሜ ስመለከት ስክሪኑ በሞቱ ዶሮዎች ፎቶ ተሞልቷል።

"ይህ ምንድን ነው?"

"መረጃ ነው፣ ኃላፊ።"

"ይህ መረጃ አይደለም፤ ሐዘን ነው። በእኔ መጋዘን አይገባም።"

"ሐዘንም ቀን አለው። ቦታም አለው። ይኸው ከረጢቱ ላይ የምርት ቁጥሩ ይታያል። ለዚህ እኮ ነው ሐይቅ ያልሁት፤ ለእርስዎ መደርደሪያ የማይሆን ነገር እዚህ ይገባል።"

የድምፅ መልእክትም ነበረበት፤ ብዙዎቹ በሲዳምኛ። እናቷ አፍ የፈታችበት ቋንቋ ነውና ከሥራ መልስ ሁለቱ ሳሎን ተቀምጠው እየሰሙ በእያንዳንዱ ሥር ሁለት ሁለት መስመር በአማርኛ ይጽፉ ነበር። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ሰማኋቸው። አንዱ ገበሬ ስለ ዶሮዎቹ ከተናገረ በኋላ የእኛን የሱቅ ሠራተኛ እናት ጤንነት ጠየቀ። ልጄ እሱንም ጻፈችው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ዝግጅቱ አልቆ የሙከራው ወር በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ተኩል ላይ እትዬ ስልካቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። የሁለታችንም ገጽ ስልካቸው ላይ ተጭኖላቸዋል። የእኔን ሲነኩት ቁጥሩ ወዲያው ወጣ። የልጄን ሲነኩት ትንሽዬ ክብ ትሽከረከር ጀመር። ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች።

"ይቺ ምን ሆና ነው?" አሉ እትዬ።

"ተኝታ ነው" አለች ልጄ። ውሸት ስላላስተማርኋት እቅጩን ተናገረች። "አሁን ትነቃለች።"

"በዚህ ሰዓት ተኝታ? እኔ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሜአለሁ። ዶሮዎቹም ቆመዋል።"

ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፣ ቁጥሩ መጣ። እትዬ ግን "ለመኖ ሥራ እንቅልፋም አይሆንም" ብለው ወጡ። ልጄ ብዕሯን ከፈተች፣ ዘጋች።

እንቅልፍ በእኔ ዘንድ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። መጋዘን በነበርሁበት ዘመን ዘበኛ ተኝቶ ካገኘሁ አልጮህበትም ነበር። ቆርቆሮው ላይ አንዲት ጠጠር እወረውራለሁ፤ ብድግ ይላል። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ ሌላ ጠጠር። በሳምንቱ ዘበኛው ጠጠር ሳይወረወርለትም ነቅቶ ማደር ይለምዳል። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ጠጠሩ ብቻ ይቀራል። እና የልጄ ማሽን በጠዋት በእትዬ ፊት "ተኝታ ነው" ሲባልባት አንገቴን የደፋሁት እኔ ነኝ።

ፍርድ አላጣምምም ብዬ ነበር። ቢሆንም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ምሥራቅ ሱቅ በሄደችበት፣ በኃላፊነቴ በተሰጠኝ መግቢያ ወደ እሷ ሥራ ገባሁና አንዲት ትንሽ ትእዛዝ ጻፍሁ። ከማግስቱ ጀምሮ በየአራት ደቂቃው፣ ሌሊትም ቀንም፣ ማሽኗ ይህን እንድትጠየቅ አደረግሁ፦ ታቦር ሱቅ ስንት ኩንታል መኖ አለ? አምስት ደቂቃ ጠያቂ ካላጣች አትተኛም። ጠጠር ወረወርሁ ማለት ነው።

ዋጋው አልታሰበህም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ታስቦኛል፤ በስህተት ነው እንጂ። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ሌላ ዓይነት የክላውድ መጋዘን አንብቤ ነበር፤ እሱ የሚያስከፍለው ባነበበው መረጃ ልክ ነው። ትንሽ ጥያቄ፣ ትንሽ ዋጋ። የልጄም እንደዚያው መሰለኝ። የእሷ ግን የሚያስከፍለው ነቅቶ በቆየበት ሰዓት ነው። ጥያቄው ትንሽ ይሁን ትልቅ ግድ የለውም። ልጄ ይህን በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች፤ እላይ እንደጻፍሁት "በሰዓት አንድ ዶላር" ብላኛለች። ሰው ብቻውን ሲማር የሚጎዳው አንድ ነገር አለ፤ ያነበበውን ከሰማው ያስበልጣል።

ልጄን ለምን አልነገርኋትም? በእናቷ ፊት ዳኛ ሆኜ ተናግሬ ስለነበር ነው። አድልቼ መታየት አልፈለግሁም፤ ሳልታይ ግን አደላሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ጠዋት ጠዋት የልጄን ገጽ ሲነኩ መልሱ ዓይን ሳይጨፈን ይመጣል። "ለካ ትማራለች" አሉ። ልጄ ራሷ ገርሟት፣ "ከሱቆቹ አንዱ ቀድሞ እየከፈታት ይሆናል" አለች። አላረምኋትም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልክድም። እሁድ ቸርች ተቀምጬ ሰባኪው ስለ ዕረፍት ቀን ሲናገር ከሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ አሜን ያልሁት እኔ ነበርሁ፤ ያቺ ማሽን ግን በእኔ ትእዛዝ በየአራት ደቂቃው የታቦርን ኩንታል ትቆጥራለች። የታቦር ሱቅ እሁድ ዝግ ነው።

ወጪውን በየቀኑ ማየት ይቻል ነበር። የሚያሳየው ገጽ ግን የሚከፈተው በባለካርዱ ኢሜይል ነው፤ ባለካርዱ ደግሞ ኢሜይል ከማይከፍቱ ሰዎች ወገን ነው።

ወሩ ሞላ። እትዬ ቢሮ ሦስታችንም ተቀመጥን። እትዬ መጀመሪያ እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ "በዚህ ወር የጣይ ዶሮ መኖ ስንት ሸጥን?" የእኔ መጋዘን አንድ ቁጥር አወጣ፤ ትክክለኛውን። የልጄ ሐይቅ ሦስት ቁጥር አወጣ፤ ሱቆቹ የጻፉት ስም ሦስት ነውና። ልጄ ወረቀትና ብዕር አንስታ ስትደምር ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

እትዬ ሁለተኛውን ጠየቁ፦ "ገበሬዎቹ ያማረሩበት መኖ የትኛው ነው?"

የእኔ መጋዘን ለዚህ መልስ የለውም። ቅሬታውን በር ላይ የመለስሁት እኔ ነኝ። የልጄ ግን ከፎቶዎቹ፣ ከድምፆቹና ከሽያጩ አገናኝታ አንድ የምርት ቁጥር አወጣች፤ ከምሥራቅ ሱቅ የተሸጠ። እትዬ ወዲያው ስልክ አንስተው ምሥራቅ ደወሉ። አርባ ከረጢት ገና ሳይሸጥ ጣሪያው በሚያፈስበት ግድግዳ ሥር ተከምሯል፤ የሱቁ ሠራተኞች አንዱን ቀደው እጃቸውን ሲያስገቡ መኖው ሻግቷል። እትዬ እንዳይሸጥ አዘዙ። ስልኩን አስቀምጠው ልጄን ሲያዩዋት ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ወንድማቸው ከዱባይ ደወለ። እትዬ ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት።

"እህቴ፣ የምትሸጡት መኖ ነው ወይስ ሮኬት ልታመጥቁ ነው?"

"ምን ሆንህ?"

"ከካርዴ ላይ ሰባት መቶ ሁለት ዶላር ተቆርጧል፤ ለአንዱ ብቻ። ሚስቴ 'ማናት ይቺ ሰባት መቶ ዶላር የላክህላት?' እያለችኝ ነው። ማሽን ናት ብላት አላመነችኝም።"

ልጄ በወሩ መጀመሪያ "ከሰባ ዶላር አይበልጥም" ብላ ፈርማ ሰጥታ ነበር። እትዬ ያን ወረቀት ከመሳቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ልጄ ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበችና የተጠየቁትን ጥያቄዎች ዝርዝር ከፈተች። ጣቷ ቆመ።

"አንድ ጥያቄ አሥር ሺህ አራት መቶ አርባ ጊዜ ተጠይቋል" አለች ቀስ ብላ።

"ምን የሚል?"

"ታቦር ሱቅ ስንት ኩንታል መኖ አለ የሚል።"

"ማን ነው እንዲህ የራበው?" አሉ እትዬ።

ከጥያቄው አጠገብ የጠያቂው መግቢያ ስም ተጽፏል። ልጄ አየችው። ከዚያ ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ከደነችው።

"የእኔ ስህተት ነው፣ እትዬ። አስተካክዬ ሳልዘጋው ቀርቼ ነው። ይቅርታ።"

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ውሸት እንዳትናገር ቀጥቼአታለሁ። ስኳር ነክታ "አልነካሁም" ያለች ቀን እራቷን ሳትበላ አስተኝቻታለሁ። አሁን በፊቴ ተቀምጣ ዓይኗን ሳታርገበግብ ትዋሻለች፤ የምትዋሸው ለእኔ ነው፤ የሚያስከፍላት ሥራዋን ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እናገራለሁ ብዬ ከመወሰኔ በፊት ሁለት ጊዜ ያህል ዝም ለማለት አስቤአለሁ፤ ጻድቅ እንዳልመስል ይህን እጽፋለሁ።

"ውሸቷን ነው" አልሁ።

እትዬ ዞሩብኝ።

"ጥያቄውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እንዳትተኛ ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት በእርስዎ ፊት እንዳታፍር ብዬ።"

"ማን እንዳታፍር? ማሽኗ?"

ልጄ ወደ መሬት አየች። ስልኩ ላይ ያለው ወንድም ግን ሁሉንም ሲሰማ ቆይቶ፣ "አንድ ጥያቄ ልጠይቅ?" አለ። "ለመሆኑ ታቦር ስንት ኩንታል አለ?"

"ሠላሳ ስምንት" አለች ልጄ ሳታስበው።

እትዬ መሳቅ ጀመሩ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ልጄም ተከተለች። እኔ አልሳቅሁም፤ የሚያስቅ ነገር እስከ ዛሬም አልታየኝም።

"አባዬ፣ ብትጠይቀኝ እኮ" አለችኝ፣ ቢሮ መሆኑን ረስታ፣ እንባዋን እየጠረገች። "በሰዓት ቆጣሪ ለአንድ ተኩል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ብቻ ትቀሰቅሳት ነበር። በቀን አንዴ። የዶላር አሥር ሳንቲም አትፈጅም።"

ኃላፊ በይኝ አላልኋትም።

እትዬ ሳቃቸው ሲያልፍ ቆራጥ ሆኑ። ልጄን ቀጠሯት፤ አርባው ከረጢት ቢሸጥ ኖሮ የሚያጡትን ደንበኛ ያውቁታል። መንገዱም የእሷ ሆነ፤ ማከማቻው ለብቻ፣ ሠራተኛው ለብቻ። የእኔ ድርሻ በሐይቁ ላይ የሽያጩን ስም እያጠራሁ ማስገባት ነው፤ ሦስቱ ቁጥር አንድ የሚሆነው በእኔ በኩል ነው። በቀጣዩ ወር መጀመሪያ የእኔን የወር ኪራይ ማሽን ዘጋናት። ልጄ ከተቀጠረች በኋላ የመጀመሪያ ሥራዋ አድርጋ ማሽኗ ላይ ትእዛዝ የመስጠት ፈቃዴን አነሳችው። ትክክል ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር።

እናቷ ሁሉንም ሰማች። "ስለዚህ ስትራራላት እንዲህ ነው የምትሆነው" አለች። "እንኳን ሌላውን ጊዜ ጨክነህ አሳደግሃት።"

ከታሰበው በላይ የተቆረጠው ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዶላር ነበር፤ በዚያን ቀን ምንዛሪ ዘጠና አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር። እትዬ ግማሹን ወሰዱ፤ ግማሹን እኔ፣ አርባ ሰባት ሺህ አራት መቶውን፣ በአሥር ወር ከደመወዜ። ልጄ ከመጀመሪያ ደመወዟ ላግዝህ ብላ ነበር፤ አልተቀበልሁም። እናቷ ግን ሳትጠይቀኝ ማቀዝቀዣ ልትገዛበት የነበረውን የዕቁብ ዕጣዋን አምጥታ ከእኔ ድርሻ ላይ ከፈለችልኝ፤ አሁን በአሥሩ ወር ፈንታ ለስድስት ወር ከፋይ ነኝ፤ ማቀዝቀዣም የለንም። ወንድምዬው ካርዱ ከገደቡ በማለፉ ባንኩ ስድሳ ዶላር ቀጥቶታል፤ እሱንም እትዬ መለሱለት። ከሚስቱ ጋር የታረቀበትን ወጪ ግን አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የእኔ ማሽን ኪራይ ሁለት መቶ አሥር፣ የልጄ ሰባት መቶ ሁለት፣ ቅጣቱ ስድሳ፤ ሁላችንንም ያስወጣን በጠቅላላው ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዶላር፣ ወይም አንድ መቶ አርባ አምስት ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው።